ሳይቀመጡ የቆዩት ሽማግሌዎች

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ የመንግሥት ቢሮ ገብተው አንቀመጥም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ነጋዴው ሰይድ ከስሯል። አበዳሪዎቹ ሽማግሌ ሲላክባቸው አንድ በአንድ ተዉለት። የቀረው ይህ ቢሮ የሚሰበስበው የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳው ነው። እሱ ካላለቀ ዲግሪው አይለቀቅም፤ ዲግሪው ካልተለቀቀ ደሴ ያገኘው ሥራ ያመልጠዋል።

ሽምግልና የማይፈታው ነገር የለም የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚያው ተራዬን እጠብቅ የነበርኩትን እኔን በአንድ ጠዋት ሦስት ገጠሙኝ።

«አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ» አለች ሠራተኛዋ።

«እሺ ሳትይን?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ እንድሪስ። «እኔ በዱቤ የሰጠሁትን መረብ ትቼለታለሁ። አንቺስ ምነው ጨከንሽ፣ ልጄ?»

«ብሩ የእኔ አይደለም፣ የመንግሥት ነው።»

«ቤቱን አሳዪን፤ እንሄድበታለን።»

ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ሠራተኛዋ ተነሳች። አለቃዋም፣ ባለጉዳዩም፣ ጥበቃውም ተነሱ። እኔም ማስታወሻዬን ይዤ ቆምኩ። ለባንዲራ የተሰለፍን እንጂ ጉዳይ ልናስፈጽም የመጣን አንመስልም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆመው ሰይድ አላስቻለውም። «በአላህ ተቀመጡልኝ! ቀስ እያልኩ እኔው እከፍላለሁ» አለ።

ሠራተኛዋ አለቃዋን አየችና ፎርም አወጣች። «ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጣል። ዋስ ከተገኘ ዲግሪው እንዲለቀቅ ዛሬውኑ እንጽፋለን።»

ሐጂ እንድሪስ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ፎርሙ የሚጠይቀው አንድ ዋስ ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስቱም ፈርመው ተቀመጡ።