ጋሼ ኡጁሉና አልበስል ያለው የዱር ሩዝ

እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ላይ ሐበሻና ሐበሻ ሲገናኝ «ደህና ነህ?» ከማለቱ በፊት «ሺፍት አለህ?» እያለ የሥራ ተራ ይጠያየቃል። እንቸኩላለን፤ እየተጣደፍን እንጸልያለን፤ ሐዘንተኛ እንኳ የምናጽናናው ቁልፋችንን በእጃችን እያንቀጨቀጭን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ለመሆኑ ለመልቀም ጊዜ ያለው ማን ነው?

እኔ ዌሪቢ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሻጊ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጋር ደግሞ በየተራ ለጋሼ ኡጁሉ ምግብ አደርሳለሁ። ጋሼ ኡጁሉ የጋምቤላ ሰው ናቸው፤ ፊትዝሮይ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እህል አልቀምስ ብለው፣ ሱሪያቸውን ቀበቶ አልይዘው ብሎ ነበር። ያመጣንላቸውን አመስግነው ይቀበላሉ፤ በሳምንቱ እንዳለ እናገኘዋለን። ሐኪማቸው «በዚህ ከቀጠሉ ሆስፒታል ይገባሉ» ብሏል።

አንድ ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆነ። ሩዝ አልቆብኝ ኖሮ ከሱቅ ያገኘሁትን አፈፍ አድርጌ ቤቴ ኬንሲንግተን ገባሁ። ስከፍተው ጥቁር! ቀጭን፣ መርፌ የመሰለ። የዱር ሩዝ ነው ለካ፤ ስሙ ሩዝ ይሁን እንጂ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው አሉ። ሃያ ደቂቃ ቀቀልኩት፤ ጠጠር። አርባ ደቂቃ፤ አሁንም ጠጠር! ሰዓቴን እያየሁ በድስቱና በበሩ መካከል ተንቆራጠጥኩ። በመጨረሻ ድስቱን ከነውሃው መኪና ውስጥ ከትቼ ፊትዝሮይ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልበሰለም» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩት። አንዲት ፍሬ አንስተው ነከሷት።

«የዚህ ወንድም በኛ አገር አለ» አሉ። «ወንዝ ሲሞላ ረግረግ ላይ ይበቅላል። ማንም አይዘራውም። ቶሎ ይረግፋል፤ ከወፍ መቅደም ነው።» ሌላ ፍሬ አነሱ። «ሚስቴ ትቀድም ነበር።»

ያልደረቀ ቁስል ነካሁ ብዬ ስሳቀቅ፣ እሳቸው እቴ! ከወንበራቸው ተነስተው ድስቱን ከእጄ ተቀበሉና ምድጃው ላይ ጣዱት።

«ተቀመጪ።»

«ጋሼ፣ ሥራ ልገባ ነው እኮ።»

«ልጄ፣ ይሄ አይቸኩልም። ተቀመጪ።»

ለአለቃዬ ደውዬ እንደማረፍድ ነገርኩት፤ አኮረፈ። ምን ላድርግ? ፍሬዎቹ አንድ በአንድ እየተተረተሩ ነጭ ሆዳቸውን አሳዩ። ጋሼ ኡጁሉ በእጃቸው፣ እያላመጡ፣ ሳህኑ እስኪጸዳ በሉ። እኔ መስኮቱን የማይ መስዬ እንባዬን ጠረግሁ።

ሲሸኙኝ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ለቅዳሜ ዓሣ አምጪ። የደረቀ። ጨው እንዳትጨምሪ፤ አንቺ ጨው ታበዣለሽ።»

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ። እልልታው ለእነሱ ቀላል ነው፤ ደረቅ ዓሣ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የምዞረው እኔ ነኝ። እናንተም ሰው እህል እንዲቀምስ ስትጸልዩ አስቡበት፤ የዳነ ሰው ምግብ ያማርጣል።