ገደል ማዶና ገደል ወዲህ

መንዝ ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ፣ ጌጡና አየለች የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልና ሚስት መሆናቸውን ታቦቱም ያውቃል፣ አገሩም ያውቃል፤ የአየለች አባት አቶ ሽብሩ ብቻ ማወቅ አልፈለጉም። ልጃቸውን ለአንድ ባለ ወፍጮ ሊድሩ አሰቡና አንድ ቀን መጥተው እጇን ይዘው ገደሉን አሻገሯት። ገደሉ እንዲህ የዋዛ አይደለም፤ ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጌጡን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የቆጠረ ሰውም አያስፈራቸውም። ልጁ እህል አልቀምስ ብሎ ሲያስቸግራቸው፣ ከስተህ ብታይህ አባቷ ትክክል ነበር ትላለች፣ በልተህ ጠብቃት ብለው ተቆጡትና ሽማግሌ አስቀመጡ። ሽማግሎቹም የሁለቱ ልብ አንድ መሆኑ ከታወቀ ትዳሩ ይጸናል፣ ካልታወቀ ይፈርሳል ብለው ቆረጡ።

ሁለቱን ለየብቻ አስጠርተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቋቸው። ትፈልገዋለሽ ወይ፣ ትፈልጋታለህ ወይ፣ ስትጣሉ ቀድሞ የሚታረቀው ማነው? መልሳቸው ልክክ አለ። አቶ ሽብሩ ግን ሳቁ። ልጆቹ ከመለያየታቸው በፊት ተመካክረዋል፣ እያንዳንዳቸው መልሱን በጉያቸው ይዘው ነው የመጡት፣ እንደ ዳዊት የተሸመደደ ቃል ልብ አይባልም አሉ።

ሽማግሎቹ ተከራከሩ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጎጆ ውስጥ ያለውን ማን አየ? ሰው ሲገባ ሁሉም ፊቱን ያስተካክላል፤ ገብቶ ያየ ሰው የራሱን መግባት አይቶ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ እንዲህ ይፍታው፣ ሌላው እንዲያ ይፍታው፣ መልሱ ያው ከሆነ ክርክሩ ማለቂያ የለውም ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ እትዬ ደብሪቱ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ተቀመጡ እንጂ። የአቶ ሽብሩም ቃል የእኔም ቃል እስካሁን በአንድ በር ነው የወጣው። የተሸመደደም ቢሆን ያልተሸመደደም ቢሆን፣ አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ያመጣል። የእኔን ቃል ከእሳቸው ቃል የሚለይ በር፣ ሌላ አጠያየቅ ፈልጉ።»

በሩንም እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው አገኙት። ጌጡ ወዲህ፣ አየለች ማዶ ይቀመጡ። በእያንዳንዳቸው ዘንድ ጠያቂ ይኑር፤ የሚጠይቀውን ግን ለማንም አይንገር፣ ራሱም አስቀድሞ አያስብበት። የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደወል በሁለቱም ወገን ይሰማልና፣ ሲደወል ያን ጊዜ ልቡ ያመጣለትን ይጠይቅ። ከደወሉ እስከ መልሱ ባለው ጊዜ ገደሉን ቁራ እንኳ አይሻገረውም። አቶ ሽብሩ የቃል ጥናቱ አሁን ይፈርሳል ብለው ደስ እያላቸው ተስማሙ።

ደወሉ ተመታ። እትዬ ደብሪቱ አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጅ ሲያዩ ክሳቱ አናደዳቸውና፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣላቸው ሳያውቁት፣ ሚስትህ ስትጣሉ ምን ሠርታ ታበላሃለች አሉት። ጌጡ አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀላ። የመንዝ ወንድ እንኳን ሊያደርገው ሊያስበው የሚያፍርበትን ነገር በቀስታ ተናገረ። እትዬ ደብሪቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ፤ ታዛቢ ሆኖ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን አልቻለም።

በማግስቱ ሁሉም ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጥዱ ሥር ተሰበሰቡ። ማዶ ሄደው አየለችን የጠየቁት መምሬ ወልደየስ ቀድመው ተናገሩ። እሳቸው ደግሞ በግ መንገዱን ዘግቶባቸው ኖሮ፣ ደወሉ ሲመታ የመጣላቸው የበግ ነገር ነበር።

«ስትጣሉ ማታ በጎቹን ማን ይሰበስባል አልኳት። ‹እኔ› አለችኝ። ‹ባልሽስ?› ብላት፣ ‹እሱማ ወጥ ያማስላል› አለች።»

ታዛቢው ሽማግሌ ተነስቶ የጌጡን ቃል ተናገረ፤ «‹ምንም አትሠራልኝም፤ ወጡን የማማስለው እኔ ነኝ፣ እሷ በግ ትሰበስባለች› ነው ያለው።»

ጥያቄው ለየቅል፣ መልሱ ግን እንደ ወንፊትና ጠርዙ ገጠመ። ቅጥሩ በሳቅ ተናጋ። ጌጡ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው፤ አየለች ግን ከአባቷ ኋላ ሆና ፊቷ እንደ ፀሐይ በርቶ ነበር።

«አቶ ሽብሩ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ «ሸምድዶ የሚመጣ ሰው የሚያስከብረውን ነው የሚሸመድደው። ወጥ ማማሰልን ማን ያጠናል?»

አቶ ሽብሩ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ እጇን ይዘው፣ እንደወሰዷት ሳይሆን ቀስ ብለው፣ ወደ ጌጡ አሻገሯት።

ሽማግሎቹ ግን ክርክሩ ጣማቸው። መምሬ ወልደየስ፣ ሁለቱ በተክሊሉ ዕለት አንድ ሆነዋል፣ ገደሉ የለያየው ለእኛ ዓይን ነው አሉ። ታዛቢው፣ የአንዱ ሐሳብ ገደሉን ዘሎ ሌላውን ይነካዋል አለ። ሌላው ደግሞ፣ መልሱ ከገጠመ የቀረው ምን አገባን፣ እርቁን እንብላ አለ። እትዬ ደብሪቱ ሦስቱንም እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሦስቱን ሐሳብ የሚለይ ጥያቄ እስኪገኝ ሁሉም በየቤቱ ይደር አሉ።

አቶ ሽብሩ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«እትዬ፣ ታዲያ እነዚህን ልጆች ያሰራቸው ምንድን ነው?»

«እሱን ገና አላወቅንም» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «የተሸመደደ ቃል እንዳላሰራቸው ግን ጠይቀን አወቅን።»