ሊቀ አየር ደመላሽ

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። በጣሊያን ዘመን ዲላ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ጋሽ ደመላሽ ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት የአንድ ሚሲዮን ሐኪም አስተርጓሚ ሆነው ኖረዋል፤ ሐኪሙ አገሩ ሲገባ እውቀቱን ለእሳቸው ጥሎ የሄደ ነው የሚመስለው። ሰፈርተኛው «ሊቀ አየር» ይላቸዋል።

«ይህም ይተነፍሳል!» ይላሉ፣ የእንሰቱን ቅጠል እየዳበሱ።

ፍዳዋን ያየችው ጎረቤታቸው ዘርትሁን ናት። እሳት ልትጭር ብቅ ካለች ፍሙ በገሉ ላይ እስኪከስም ያስረዷታል።

«በሥጋሽ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጓዳዎች ሞልተዋል። በየጓዳው ምድጃ አለ። የበላሽው ማገዶ ነው፣ የሳብሽው አየር ያነደዋል። ነበልባል የለውም እንጂ ሙቀትሽም ጉልበትሽም ከዚያ ነው።»

«ጭሱስ?»

«በአፍንጫሽ ይወጣላ!»

እየሳቀች ትመለሳለች። ግን እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ፣ ጉሙ ቡናውን ሸፍኖት፣ ክንዶቿ ውስጥ የማይታይ አገር ሁሉ እሳቱን አንድዶ የተቀመጠ ይመስላታል።

ወታደሮቹ ለበቅሎዎቻቸው እህል ስለሚዘርፉ ባሏ ይርጉ በቆሎውን ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ደብቆ አፉን በጭቃ መርጎት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ከፈተው። አንድ እግሩን ከማስገባቱ ጋሽ ደመላሽ አጥሩን ጥሰው መጥተው ጋቢውን ጨምድደው ያዙት።

«እህሉ ሕይወት አለው! አየሩን በልቶ ጨርሶታል!»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ!» አለ ይርጉ እየሳቀ።

ዘርትሁን ግን ፊታቸውን አየች። አመድ መስሏል። ኩራዝ ለኩሳ በገመድ አወረደች። ክንድ ያህል እንደወረደ እልም አለ። ነፋስ አልነበረም።

ይርጉ ከጉድጓዱ አፍ ፈቀቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደመላሽ ዝም አሉ። ሰፈሩ ጭር አለ፤ ሰው ሁሉ ተገላገልን ማለት ሲገባው ከፋው። ዘርትሁን ቤታቸው ሄደች።

«አሞዎት ነው?»

«እኔ የማወራው ማውራት ስለሚጥመኝ ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ሰው የሚገድል ነገር መሆኑ ልቤ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

«ሰው አልሞተም፤ ባሌ በሕይወት አለ» አለችና ዱካ ስባ ተቀመጠች። «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ውጭ ዝናቡ የእንሰቱን ቅጠል ይደበድባል። ብዙም ሳይቆይ ዘርትሁን ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ጋሽ ደመላሽ እንዳይቀሰቅሷት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማስረዳቱን ግን አላቋረጡም።