አቶ አንቀጽ እና የበረንዳው ሕግ

ስለ አዲሱ ረቂቅ ሕግ የሕዝብ ውይይት የሚደረግበት ቀን ጠዋት ሰማዩ ለመዝነብ ቆራጥነት አልነበረውም፤ ያካፋና ይተዋል፣ ይተውና ያካፋል። እኔም በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት ማሽኔን በላስቲክ እሸፍናለሁ፣ መልሼ እገልጣለሁ።

«መጡ!» አለ ከጎኔ የሚሠራው ጫማ ሰፊ። «በሉ እንግዲህ፣ አለቀልን።»

የመጡት ክቡር አቶ አንቀጽ ናቸው። በየሰፈሩ አንድ አቶ አንቀጽ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ወይ ሕግ አይደርስበትም ወይ ገና ሰው አልገባበትም። እኛ ስለ ዝናቡ ስናወራ እሳቸው ስለ ረቂቅ አዋጅ ያወራሉ። አንዴ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ስለ መቃብር ቦታ የወጣውን ረቂቅ ለሟች ወንድም ሲያስረዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ለቅሶውን ትቶ ተቆጣ። «ቢያንስ እንባውን አደረቅኩለት» አሉኝ ስንወጣ።

ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ልማድ ክፉ ነው። ዛሬም አንድ ሰው «ይሄ ሕግ አይረባም!» ካለ መዳፋቸውን ዘርግተው «አንቀጽ!» ይሉታል። መጥቀስ ካቃተው «ትኬት የለህም፣ ውረድ!» ነው።

ያን ሰሞን የከተማው ምክር ቤት፣ በረንዳ ላይ ማንኛውንም ማሽን ማኖር የሚከለክል ረቂቅ አውጥቶ ለሕዝብ ውይይት አቅርቦ ነበር። እንዳለ ከጸደቀ እኔ የምሄድበት የለኝም፤ ቤቴ አልጋዬንና ልጆቼን ችላ ሌላ አትችልም። እኔ ደግሞ ትምህርቴን በልጅነቴ የጣልኩ፣ የመጣውን ሁሉ «እሺ» ማለት የለመድኩ ሰው ነኝ።

«ጋሼ፣ ተዉት በቃ። እኛን ማን ይሰማናል? ወስነው ጨርሰዋል» አልኳቸው ወሬውን የሰማን ዕለት።

«አልጨረሱም! ረቂቅ እኮ ሊጥ ነው። ከተጋገረ በኋላ ጨው አነሰው ብትይ ማን ይሰማሻል?»

«ሊጡን የሚያቦኩት ሌሎች ናቸው።»

«ታዲያ እጅሽን ታጠቢና ግቢ!»

ከውይይቱ በፊት ሳምንቱን ሙሉ አሠለጠኑን። «እንቃወማለን ብሎ መጮህ ብቻ ዋጋ የለውም። የቱ አንቀጽ ነው? አንተን በምን ይጎዳሃል? በምን ይተካ? በቃ፣ ተቀመጥ!» ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን ምስጋና ነበር። የኛ ሰው ማይክራፎን ሲጨብጥ «በቅድሚያ ይህን ዕድል ለሰጠኝ መድረክ» ብሎ ይጀምርና፣ መድረኩን፣ ሰብሳቢውን፣ አዳራሹን አመስግኖ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። «ምስጋናው ይቅር፣ አንቀጹ ይምጣ!» ይሉን ነበር፤ ጫማ ሰፊውን በተለይ።

ያን ጠዋት አብረን ስንደርስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጫማ ሰፊው ቀድሞ ተነሳና ከድንጋጤው ብዛት የሰብሳቢዋን ጤንነት ሳይቀር ጠየቀ። የሰዓት ማብቂያው ደወል ተደወለበት። «ውረድ!» ብለው አጉረመረሙ አቶ አንቀጽ።

ቀጥሎ የእሳቸው ተራ ሆነ። ስንት ዘመን ከኋላ ወንበር ሲጮኹ የኖሩ ሰው፣ ማይክራፎን እጃቸው ሲገባ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«በቅድሚያ» አሉ።

ሰብሳቢዋን አመሰገኑ። ምክር ቤቱን አመሰገኑ። የድሮ አለቃቸውን፣ ቀጥለውም አብረዋቸው የሠሩትን ሾፌሮች በየተራ አመሰገኑ። ደወሉ ሲጮህ አንቀጹ ገና ከአፋቸው አልወጣም።

«ጋሼ፣ ይውረዱ!» አለ ጫማ ሰፊው ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ማይክራፎኑን ግን ቶሎ አልመለሱም።

ለመናገር ያስመዘገቡኝ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ዝም ልል አስቤ ነበር የሄድኩት። ያን ሳይ ተነሳሁ። ለማመስገን ጉልበት አልነበረኝም።

«አንቀጽ ስምንት» አልኩ። «በረንዳ ላይ ማሽን ማኖር ክልክል ነው ይላል። እኔ እንጀራዬ እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ የለኝም። ‹መተላለፊያ በሚዘጋ ሁኔታ› የሚል ይጨመርበት። የኔ አይዘጋም፣ ኑና እዩት።» ተቀመጥኩ።

መጥተው አዩት። አዋጁ ሲጸድቅም እሳቸው ያስጠኑኝ ቃል ገብቶበታል።

አቶ አንቀጽ ለሰፈሩ ሁሉ «ሆን ብዬ ነው መንገዱን የለቀቅኩላት» እያሉ ያወራሉ። ማንም አላመናቸውም። እኔ ግን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «እውነታቸውን ነው» እላለሁ።

አሁን ከማሽኔ አጠገብ፣ እኔ ባመጣሁላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልብስ ልታሳጥር ለመጣች ደንበኛዬ የውሻ ምዝገባን ረቂቅ እያስረዷት ነው። ሴትዮዋ ውሻ የላትም።