የፎቃችን የጸጥታ ሹም

ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። የእኛው የጸጥታ ሹም ናቸው። ጸጥታ ስል ሌባና ፖሊስ እንዳይመስላችሁ፤ ዝምታ ማለቴ ነው።

ክቡርነታቸው ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ብረት በሚቆረጥበትና በሚሞረድበት ወርክሾፕ ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። አገር ሲተኛ የእርሳቸው ሥራ ይጀምራል። በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየወጡ እየወረዱ በር ያንኳኳሉ።

«ያቺን ነገር አጥፏት።»

የቷን ነገር ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው፦ «ሲ… የምትለዋን።»

የእኔን ፍሪጅ አስነቅለው ወተቴን አስበላሽተውብኛል። የባለታክሲ ጎረቤታችንን ባትሪ መሙያ ከሰውታል። አንዴ ጆሯቸውን የመብራት ቆጣሪው ላይ ለጥፈው፣ እንደ ሐኪም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ አይቼ ሳቄን ይዤ ገባሁ።

ሳቁ የቆመው ነገሩ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርስ ነው። ከበላያቸው የምትኖር፣ ልጆቿን አስተኝታ በኤሌክትሪክ ሲንጀሯ እንጀራዋን የምታበስል ሴት ናት። ሹማችን ጥፋተኛዋን እንዳገኙ ቆርጠው አከራዩ ዘንድ ከሰሷት። አከራዩም በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ነገራት። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርባቸው ጀመር። እኔም ሰላምታ ነሳኋቸው። እርሳቸው ደግሞ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ማንንም ሳያዩ ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዱ ክፉ ቃል ሊናገራቸው ነው እያልኩ እፈራ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ማታ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ፍሪጁም ሲንጀሩም ጸጥ። ዛሬስ ይተኛሉ ብዬ ሳልጨርስ በሬ ተንኳኳ።

የስልካቸውን መብራት ይዘው ቆመዋል። አጥፋ አላሉኝም።

«ልጄ፣ የሚሠራ ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«እኔ ግን ይሰማኛል።» በሩ ሥር ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። «አእምሮዬን ልስት ነው መሰለኝ።»

ያን ሌሊት አብሬያቸው አደርኩ፤ ጠዋት ይዣቸው ወደ ጆሮ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ የተጠራቀመውን ኩክ አወጣች፤ መስማታቸውን መረመረች፤ ስለ ሥራቸውም ጠየቀቻቸው። የማሽኑ ጩኸት የውስጥ ጆሯቸውን ጎድቶታል አለች፤ ጆሮ የሚያጎድለውን ድምፅ አንጎል ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል፤ ይህ እብደት አይደለም። ቀን የመንገዱ ጫጫታ ይሸፍነዋል፣ ማታ ጭር ሲል ይገናል። ጨርሶ ይጠፋል ብላ ቃል አልገባችም፤ ግን ይለመዳል፣ ይረሳል አለች። ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ አዘዘችላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ጭር ባለ ቤት እንዳይተኙ፣ እንደ ቬንትሌተር ያለ ለስላሳ ድምፅ አጠገባቸው እንዲያደርጉ፣ ድምፁንም እንዳያሳድዱት መከረቻቸው። መስማት ድንገት ቢቀንስ ወይም ቢያዞራቸው ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ አስጠነቀቀቻቸው።

ከዝምታ ይራቁ የተባለው ማንን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እርሳቸው ሐኪሟ ፊት እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር።

ከክሊኒኩ ሲመለሱ ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ወጡ። ቆይታ እንደነገረችኝ በሯ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ይቅር በይኝ፤ የሚጮኸው ከእኔ ነበር» አሏት። ከዚያ ራሳቸው አከራዩ ዘንድ ሄደው ክሳቸውን አነሱ። አከራዩ አጉረመረመ፤ እርሷ ግን ቤቱን አልለቀቀችም።

ቬንትሌተሩም ተገዛ። ይኸው አሁን ሹማችን እንቅልፍ አግኝተዋል፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ማንኮራፋታቸው ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ግድግዳዬን ያናውጠዋል። ባለፈው ቢብስብኝ ተነስቼ በራቸው ላይ ቆምኩ፤ ላንኳኳም እጄን አነሳሁ።

ከውስጥ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፤ ሰውየው ጭልጥ ብለው ተኝተዋል።

እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።