ጋሽ ፍተሻ እና የኔ መስኮት

የትም ቤት ሂዱ፣ በሩን ቆልፎ፣ እጀታውን ስቦ፣ ገፍቶ፣ ወደ አልጋው ከሄደ በኋላ «ቆልፌዋለሁ እንዴ?» ብሎ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ሰው አታጡም። ለዚህ ሰው የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተሰረቀና ገና የሚሰረቅ።

ለእኛ ቤት የደረሱን ክቡር ጋሽ ፍተሻ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ትልቅ መጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ሻንጣቸውንና ጥርጣሬያቸውን ይዘው እኛ ዘንድ ገቡ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ፊት ለፊት በዚህ ስም የሚጠራቸው የለም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ፣ ውስጥ ውስጡን ደስም ይላቸዋል። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ቤቱን የሚጠብቁት በእጃቸው ነበር። እንግዳ «ደህና ዋሉ» ብሎ ሳይጨርስ ከኋላው መቀርቀሪያው ቋ ይላል። አንድ ቀን ግን ካርቶን ታቅፈው መጡ።

«ምንድን ነው ወንድምዓለም?» አለች እናቴ።

«አላርም። ሽቦ የለው፣ ግድግዳ አይበሳ።»

«ማን ነው የሚገጥመው?»

ጋሼ እንደተሰደበ ሰው ፊታቸውን አዙረው ካርቶኑን መቅደድ ጀመሩ።

ከካርቶኑ ውስጥ ሳሎን የሚሰቀል፣ የሚጮኽ ሣጥን ወጣ፤ ጋሼ «ማዕከሉ» አሉት። ከእሱም ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ሴንሰሮች ወጡ። ትልቁ፣ ባትሪ ያለው፣ መቃኑ ላይ ይለጠፋል። ትንሹ፣ ማግኔት ያለው፣ በሚከፈተው መዝጊያ ላይ። ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ ሰላም ነው፤ ከተራራቁ ማዕከሉ ይጮኻል።

«ባልና ሚስት በሏቸው» አሉ ጋሼ፣ እኔንና እናቴን ሶፋ ላይ አስቀምጠው። «ከትንሿ ጣት ውፍረት በላይ መራራቅ ክልክል ነው።»

ትዳር ይዘው እንደማያውቁ ያስታወሳቸው ሰው አልነበረም።

መመሪያው «ከመለጠፍዎ በፊት አቧራውን ይጥረጉ» ይላል። ጋሼ ግን መመሪያ ማንበብ እጅ መስጠት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ የዋናው በር ሴንሰር በጠራራ ፀሐይ ከነአቧራው ተላቆ ወደቀ። ማዕከሉ ጮኸ፣ የግቢው ውሻ ጮኸ፣ ጎረቤት ወጣ። ጋሼ ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ አገልድመው፣ መጥረጊያ እንደ ጦር ይዘው ደረሱ። ሌባ የለም። ወለሉ ላይ ሴንሰሩ ብቻውን ተጋድሟል።

«አያችሁ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ይሠራል!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። «የሚከፈት ነገር ሁሉ በር ነው!» የሚል ሕግ አወጡ። ቁም ሣጥኑ ይከፈታል፤ ተለጠፈበት። ማቀዝቀዣው ይከፈታል፤ ተለጠፈበት። የመጸዳጃ ቤቱ በርም ይከፈታል፤ ተለጠፈበት። ነርሷ ጎረቤታችን እናቴን ልትጠይቅ መጥታ እዚያው እንደገባች ጋሼ ማዕከሉን አበሩት። ልትወጣ በሩን ስትገፋው ሰፈሩ ተናወጠ።

«ማን ነው?» አሉ ጋሼ ከውጭ።

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

«ኧረ በእናትዎ ጋሼ፣ ስገባ አይተውኝ የለ!»

«ስትገቢ አይቻለሁ። የምትወጪው አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

ሴትዮዋ ዛሬም ድረስ እኛ ቤት ውሃ አትጠጣም።

አንድ ቀን መጽሐፍ ይዤ አገኙኝና ቆም ብለው አዩት። «እሱም ይከፈታል» አሉ። ሲቀልዱ ይሁን ሲያስቡበት አልገባኝም።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ሳቄ ያበቃው ተራው የኔ መስኮት ላይ ሲደርስ ነው።

ክፍሌ ከቤቱ ጀርባ ናት፤ ቆርቆሮው አናቴ ላይ ነው፣ መስኮቷ አንዲት ናት። ከምሽት ጀምሮ የማነበው እሷን ከፍቼ ነው። ስትዘጋ አየሩ ይወፍርብኛል፣ ደረቴም ይጠብባል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ሲጨንቀኝ እናቴ አቅፋ የምትወስደኝ መስኮት አጠገብ ነበር። ማዕከሉ ደግሞ አንድ መስኮት እንኳ ክፍት ከሆነ ቀይ መብራት አብርቶ «አልጠብቅም» ይላል። በየምሽቱ ጋሼ ከፊቱ ይቆማሉ፣ የማን እንደሆነ እያወቁም ይጣራሉ።

«የማን መስኮት ነው ክፍት?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«ዝጊው።»

«አየር እኮ ነው የሚገባው።»

«አየር ከገባ ሌላውን ማን ከለከለው?»

«ምን ሊወስድ? መጽሐፎቼን?»

«እነሱንስ አይነካቸውም» አሉ ጋሼ። «ሌባ ሥራ ያለው ሰው ነው።»

ዘጋሁት። አንዱን ገጽ ደጋግሜ እያነበብሁ አንድም ነገር አልገባ አለኝ። ጭንቅላቴ ድንጋይ ሆነ። አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ደረቴ ሲያፍነኝ ደጃፍ ላይ ልቀመጥ በሩን ስከፍት ማዕከሉ አምባረቀ። ጋሼ መጥረጊያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን በጉልበት ስስብ አገኙኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ጩኸቱን አጥፍተው ገቡ።

በማግስቱ «ሴንሰሩ ላልቷል» ብለው መስኮቴ ላይ ሲታገሉ ዋሉ። ማታ ማዕከሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ጋሼም አልተጣሩም። መስኮቱን በቀስታ ገርበብ አደረግሁት። ዝም። እኩል ከፈትሁት። ዝም። ወለል አድርጌ ከፈትሁት፤ ማዕከሉ እንደ ሕፃን ተኝቷል።

ጠጋ ብዬ ሳይ ማግኔቱ መዝጊያው ላይ የለም። መቃኑ ላይ፣ ከትልቁ ጎን ተለጥፏል! መስኮቱ ተከፈተም ተዘጋ ባልና ሚስቱ አይለያዩም፤ ማዕከሉም ሁልጊዜ ሰላም ነው ይላል። አፌን በትራስ አፍኜ ሳቅሁ። የበሮችና የመስኮቶች ጠቅላይ አዛዥ ሁለቱንም አንድ እንጨት ላይ ለጥፈው አረፉት!

ምስጢሩን ለጥቂት ቀናት ብቻዬን አጣጣምሁት። በመጨረሻ አላስቻለኝም፤ እናቴ ልብስ ስታጥፍ ሄጄ ሹክ አልኋት።

«ወንድምሽ ተሳስተዋል እኮ! ማግኔቱን መቃኑ ላይ ነው የለጠፉት።»

«ምን ተሳስቷል?» አለች ቀና ሳትል። «ወንበሩን ደግፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ‹ልጅቷ እንዳትሰማ፣ ጋሼ ሕጋቸውን አፈረሱ ብላ ትስቅብኛለች› አለኝ። አቧራውንም ጠርጎ ነው የለጠፈው።»

ጠርገው! እኒያ ሰው!

ያን ጊዜ ነው ሌላው ወንበር ትዝ ያለኝ። መስኮቱ «ከላላ» ጀምሮ ጋሼ በየምሽቱ የአላርሙን ሪሞት ኪሳቸው ከትተው፣ ወንበር አውጥተው እመስኮቴ ሥር ይቀመጣሉ። «ነፋስ ልቀበል ነው» ይላሉ። የበጋ ሙቀት ውስጥ እንኳ የአንገት ልብስ የማያወልቁት ሰው! መብራቴን አጥፍቼ መስኮቱን እስክዘጋ ድረስ አይነሱም።

ያን ዕለት ምሽት አንገቴን አወጣሁና «ጋሼ፣ መስኮቴ ዝግ ነው?» አልኋቸው።

ወደ ላይ አላዩም። «ማዕከሉ ምን ይላል?»

«አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያው ዝግ ነው። አርፈሽ አንብቢ።»

አነበብሁ። ገጽ በገለጥሁ ቁጥር ወንበሩ ከታች ሲጥ ይላል፤ አልፎ አልፎም የሚታፈን ሳል ይሰማኛል።

በዚያች መስኮት እስከ ዛሬ ያለፈ ዕቃ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው፤ እሱም ከውስጥ ወደ ውጭ። ማዕከሉ አልጮኸም። ጋሼም፣ ላይ ታች ሲሉ የኖሩት ፈታሽ፣ ከየት መጣ ብለው አልጠየቁም፤ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉት።