ጠቅ ካለ አለቀ

[ኩዌታ፣ የእናቶች ማዋለጃ ጓሮ። የጥር ማለዳ፤ የቧንቧው ውሃ በረዶ ሠርቷል። የማዋለጃው ዘበኛ ካካ ሼርዲል የኤሲውን የውጭ ሳጥን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ኤሲ ጠጋኙ ኡስታድ ናውሮዝ ወረቀትና የቀለም ሙዳይ ይዞ ፊቱ ተገትሯል። ወረቀቱ «ተጠግኗል፣ ተፈትሿል፣ ያሞቃል» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሦስት አራሶች ያለ የሌለ ብርድ ልብሱን ደራርበው ይንቀጠቀጣሉ።]

ናውሮዝ፦ አውራ ጣትህን አምጣ አልኩህ እኮ!

ሼርዲል፦ የትኛውን?

ናውሮዝ፦ ስንት አውራ ጣት ነው ያለህ?

ሼርዲል፦ ሁለት። ግራው ጠዋት ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ተልጧል።

ናውሮዝ፦ ቀኙን አምጣዋ!

ሼርዲል፦ ቀኙ ደግሞ ሐሰት አይፈርምም፣ ኡስታድ።

ናውሮዝ፦ የምን ሐሰት? ቫልቩን ትናንት ቀየርኩ። ፈተሽኩ። ጠቅ አለ። ጠቅ ካለ አለቀ!

ሼርዲል፦ የኔም ጉልበት ጠቅ ይላል። ደረጃ ግን አይወጣም።

ናውሮዝ፦ አንተ ከጉልበትህ በላይ የምታውቀው ነገር የለህም። ይሄ ባለ አራት መንገድ ቫልቭ ነው!

ሼርዲል፦ አራት መንገድ? እንደ ገበያው አደባባይ?

ናውሮዝ፦ አዎ፣ ለአንተ እንዲገባህ እንደ አደባባዩ! በሐሩር ጊዜ ሙቀቱን ከክፍሉ አውጥቶ ደጅ ይጥላል። በብርድ ጊዜ ይዞርና ሙቀቱን ከደጅ ወደ ክፍሉ ያስገባል።

ሼርዲል፦ ከደጅ? እዚህ ደጅ ምን ሙቀት አለና?

ናውሮዝ፦ [ወደ ሰማይ] ጌታዬ፣ ምን ብበድልህ ነው ከዚህ ሰው ጋር ያቆራኘኸኝ? ከብርድም ውስጥ ሙቀት ይወጣል፤ ጋዙ ነው ተሸክሞ የሚያመጣው!

ሼርዲል፦ ጋዝ? ጋዝማ ከኅዳር ጀምሮ የለም። የምድጃችን ነበልባል የሻማ አታህልም።

ናውሮዝ፦ የምድጃ ጋዝ አይደለም! የኤሲ ጋዝ ነው! ትናንት በሚዛን መዝኜ የሞላሁት!

ሼርዲል፦ ታዲያ ሲሞሉ አንዱን መንገድ ወደ ወጥ ቤቱ ቢያዞሩልን ምን ነበረበት? አራት ነው አላሉም?

[ናውሮዝ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ይጥለዋል። መሬቱ በረዶ መሆኑ ትዝ ሲለው ያነሳዋል።]

ናውሮዝ፦ ፈርም። ሥራ አለብኝ።

ሼርዲል፦ አዋላጇ ቢቢ ዛርሚና ከቀትር በፊት ካልሞቀ አራሶቹን ወደየቤታቸው እሸኛለሁ ብላለች። ያቺ ያለ ወሯ የተወለደችው፣ መዳፍ የምታህለዋ፣ በዚህ ውርጭ በባለ ሦስት እግር ሪክሾ ኮረብታውን ልትወጣ ነው።

ናውሮዝ፦ ይሸፋፍኗታ! እኔ የቫልቭ ሰው ነኝ እንጂ የሕፃን ሞግዚት ነኝ?

ሼርዲል፦ እስቲ እነዚህን ሁለት ቧንቧዎች ይንኩልኝ።

ናውሮዝ፦ ለምን ብዬ?

ሼርዲል፦ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ለብ ብሏል። ወደ ሞተሩ የሚመለሰውም ለብ ብሏል። አንዱ መፋጀት፣ አንዱ መቀዝቀዝ አልነበረበትም?

ናውሮዝ፦ ሃ! እጅህ ደግሞ የሙቀት መለኪያ ሆነልህ! ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ዘበኛ ሲያርመኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አንተ የሚያምርብህ በር መክፈት ነው። እሱንም ስትዘጋው አይቻለሁ፤ ያቅትሃል።

ሼርዲል፦ እውነት ነው፣ በሩ ከብዶኛል። እኔ የለመድኩት ጣውላ ነበር።

ናውሮዝ፦ የምን ጣውላ?

ሼርዲል፦ በሰፈሬ የውሃ አባት ነበርኩ። የቦዩን ውሃ ዛሬ ለአንዱ እርሻ፣ ነገ ለሌላው የማዞር። አንዱን ቀን ጣውላዬን እሳት አጠገብ ረሳሁትና ጫፉ ተበላ። ቦዩ ላይ ስመታው ጠቅ ብሎ ገባ። ውሃው ግን በተበላው በኩል ሾልኮ ለሁለቱም እርሻ ግማሽ ግማሽ ደረሰ። አንዱም አልጠጣ። ባለቤቶቹ ግን ሁለቱም ደበደቡኝ፤ እሱን ግማሽ ግማሽ አላደረጉትም።

ናውሮዝ፦ የደጉ ዘመን ጨዋታህ ከቫልቭ ጋር ምን አገናኘው!

ሼርዲል፦ ትናንት ሲበይዱ እሳቱ የት ነበር?

ናውሮዝ፦ የት ይሆናል? ቫልቩ ላይ ነዋ!

ሼርዲል፦ ውስጡ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተተው ነገርስ ከምንድን ነው የተሠራችው?

ናውሮዝ፦ ከፕላስቲክ... [ትናንት የበየደበትን ቦታ ዞሮ ያያል።]

ሼርዲል፦ እኔ ቫልቩን ይጠቅልሉበት ብዬ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳመጣልዎ ምን አሉኝ?

ናውሮዝ፦ [በዝግታ] «ቫልቩ ትኩሳት ይዞታል እንዴ?» ነው ያልኩህ።

ሼርዲል፦ «አሁን ሊይዘው ነው» አልኩዎት። እርስዎ ግን ሆድዎን ይዘው ሳቁና በጨርቄ እጅዎን ጠረጉበት።

[ናውሮዝ ቧንቧዎቹን በእጁ ይነካል። ደግሞ ይነካል። ግራና ቀኝ ያያል።]

ናውሮዝ፦ በቦርሳዬ... ሌላ ቫልቭ አለ። ጨርቁን አምጣ።

ሼርዲል፦ የቱን? ዘይት ነው የሆነው። ቤት ውስጥ ያለው ጨርቅ ሁሉ ሕፃናቱ ላይ ነው። የእርስዎ ሻርፕ ግን አለ።

ናውሮዝ፦ ይሄን? የሠርጌ ነው እኮ! ንጹሕ ሱፍ!

ሼርዲል፦ ጥሩ። ሱፍ ውሃ ይይዛል።

[ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቷል። ጋዙ ተቀድቶ ወጥቶ፣ አዲሱ ቫልቭ በእርጥቡ የሠርግ ሻርፕ ተጠቅልሎ ተበይዷል፤ አየሩ ተመጥጦ ጋዙ ተመዝኖ ተመልሷል። ሻርፑ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም። ናውሮዝ ማብሪያውን ይጫናል።]

ናውሮዝ፦ ጠቅ! ሰማህ? ጠቅ አለ!

ሼርዲል፦ ዝም በል እስቲ።

[ሞተሩ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ከሳጥኑ ውስጥ «ፉሽሽ» የሚል ረጅም ትንፋሽ ይወጣል። ሼርዲል ሁለት እጁን ሁለቱ ቧንቧዎች ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ድንገት ቀኝ እጁን መንጭቆ ያነሳል።]

ሼርዲል፦ አቃጠለኝ! ግራው ደግሞ በረዶ ነው! ጣውላው ገጥሟል።

[አዋላጇ መስኮቱን በጣቷ ትቆረቁራለች። ከአራሶቹ አንዷ ብርድ ልብሷን ከላይዋ ስትገፍፈው በመስታወቱ ይታያል።]

ናውሮዝ፦ [ወረቀቱን በሁለት እጁ እያቀረበ] እንግዲህ ካካ... ከፈቀዱ ይፈርሙልኝ።

ሼርዲል፦ አሁን «እርስዎ» ሆንኩ? [የተቃጠለ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ «እስስ» እያለ ወረቀቱ ላይ ይጫናል።] ይኸው። ቅድም ብፈርም ኖሮ አያቃጥለኝም ነበር።

ናውሮዝ፦ ግን ይንገሩኝ። የእርጥብ ጨርቁን ነገር የትኛው ኡስታድ ነው ያስተማረዎት?

[ሼርዲል ከኪሱ የተጨማደደ ካርቶን ያወጣል። ውስጡ ዘቢብ አለበት። ለናውሮዝ ያቀርብለታል።]

ሼርዲል፦ የመጀመሪያው ቫልቭ የመጣበት ነው። ትናንት ስትጥለው ለዘቢቤ አነሳሁት። ጎኑ ላይ ያለውን ሥዕል እየው፤ ይሄ እሳት፣ ይሄ ጨርቅ፣ ይቺ ደግሞ የውሃ ጠብታ።

ናውሮዝ፦ [ካርቶኑን እያገላበጠ] ከሥሩ ተጽፏል እኮ! በትልቁ! በሦስት ቋንቋ!

ሼርዲል፦ ይሆናል። እኔ ማንበብ ስለማልችል አየሁት። አንተ ማንበብ ስለምትችል ጣልከው። ዘቢብ ውሰድ።